ውሻው ስም አለው፣ ሞግዚቷ የላትም፦ የእንግሊዝ ህንድ የቤተሰብ አልበም አነባበብ

በእንግሊዝ አገር አዛውንቶችን በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደር አንዲት ወዳጄ ደውላ ምክር ጠየቀችኝ። የምትጠብቃቸው ከዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ከቁም ሣጥናቸው ሦስት አልበሞች አውጥተው «የአባቴ የህንድ ዘመን ነው፤ ከእኔ በኋላ የሚፈልገው የለም» ብለው አስረከቧት። ጥቁር ገጾች፣ በነጭ እርሳስ የተጻፉ አጫጭር መግለጫዎች፣ ጥጋቸው በወረቀት ማያዣ የተያዘ ትንንሽ ፎቶግራፎች። ወዳጄ የጠየቀችኝ ስለ አቧራውም ስለ ዋጋውም አልነበረም። «ሕፃኗን ያቀፈችው ህንዳዊት ግማሹ አልበም ላይ አለች። የውሻው ስም ተጽፎ የእሷ የለም። ማን ናት?» አለችኝ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከዚያ ጥያቄ ተነሥቼ ነው። አልበሙ ከአዛውንት እጅ ቢደርሳችሁም፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ብትገዙትም፣ ለጥናት ብትፈልጉትም ሥራው ያው ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በአልበሙ ላይ የምታገኟቸውም እንደዚያው ስለሆኑ አልቀየርኳቸውም።

1. ሳትነቅሉ መጀመሪያ ሙሉውን አንሡት

አልበም የደረሰው ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ፎቶግራፎቹን ነቅሎ ጀርባቸውን ለማየት ነው። ቆዩ። አልበም አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት፣ የትኛው ፎቶግራፍ ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ እየወሰነች የሠራችው ትረካ ነው። ቅደም ተከተሉ ከፈረሰ መልሶ የሚያውቀው የለም። ነጋዴዎች ገጹን እየቀደዱ ነጠላ ነጠላውን ሲሸጡ ባየሁ ቁጥር የምናደደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሽፋኑ ጀምሮ እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶዎቹን ጭምር፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው የመስኮት ብርሃን ላይ አንጥፋችሁ በስልክ አንሡ። ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን። ፎቶግራፉ ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ የቀረበት ቦታ ካለ እሱንም አትዝለሉት፤ ማን ነቅሎ እንደወሰደው ኋላ ላይ ጠቃሚ ጥያቄ ይሆናል።

የጥጥ ጓንት አልወድም፤ ጣትን ያደነዝዛል፣ የተሰነጠቀ የወረቀት ጠርዝም ይይዛል። ለገጹ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይበቃል። የፎቶግራፉን ፊት መንካት ግድ ከሆነ ሐኪሞች የሚያደርጉትን ዓይነት ስስ የናይትሪል ጓንት ተጠቀሙ። በሙጫ የተለጠፈውን አትላጡ፤ በፕላስተር የተያያዘውንም እንዳለ ተዉት። መጻፍ ካስፈለጋችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ።

ከአልበሙ ጋር የፊልም ነጌቲቭ በፖስታ ተጠቅልሎ ከተገኘ ተጠንቀቁ። እስከ 1950 አካባቢ ይሠሩ ከነበሩት ፊልሞች ብዙዎቹ ናይትሬት ናቸው፤ ሲያረጁ ይጣበቃሉ፣ የሚሰነፍጥ ሽታ ያወጣሉ፣ በቀላሉም በእሳት ይያያዛሉ። ከአልበሙ ለይታችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡና ባለሙያ አማክሩ።

2. ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ቅድሚያ ለእሳቸው

ወረቀቱ ይጠብቃል፤ ሰው አይጠብቅም። ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ቁጭታ፣ ሲፈቅዱ ድምፃቸውን እየቀረጻችሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ አሳዩአቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ማን ነው?» አይሁን። ያ ፈተና ነው፤ ስሙ የጠፋባቸው ሰው አፍረው ዝም ይላሉ። ወዳጄ «ጠዋት ማን ነበር የሚቀሰቅስዎት?» ብላ ስትጠይቃቸው ሴትዮዋ ሳያመነቱ መለሱ። እንዲያውም አንድ የህንድኛ እሹሩሩ እስከ መጨረሻው አዜሙላት። ህንድ ውስጥ ያደጉ ብዙ የእንግሊዝ ልጆች ከእንግሊዝኛ ቀድመው ወይም እኩል የሞግዚታቸውን ቋንቋ ይናገሩ ስለነበር ይህ የሚያስገርም አይደለም። የሞግዚቷን ስም ግን አላወቁትም፤ ለእሳቸው ሁልጊዜ «አያ» ነበረች። ይህ ታላቅ ወንድምን የምናከብርበት የእኛ «አያ» አይደለም፤ ከፖርቱጋልኛ ወደ ህንድ የገባ፣ ሞግዚት ማለት የሆነ ቃል ነው።

እንዲህ ያሉ ቃላት በጨዋታው መካከል ይዘንባሉ። ቾታ ሀዝሪ ማለዳ አልጋ ላይ የሚቀርብ ሻይና ቁራሽ ነው። ቲፊን የቀትር ምግብ ነው። ጂምካና የስፖርት ክበብ፣ ዳክ ባንጋሎ ደግሞ የመንገደኛ ባለሥልጣን ማረፊያ ቤት ነው። ሳሂብ ጌታው፣ መምሳሂብ እመቤቲቱ ናቸው። ሴትዮዋ እንዳሉት ጻፉት እንጂ እያረማችሁ አትተርጉሙ።

3. ወረቀቱ ዘመኑን ይናገራል

መግለጫ ጽሑፍ ይሳሳታል፤ ብዙ ጊዜ ከሃያ ዓመት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ግን ያልተፈጠረበትን ዘመን ሊመስል አይችልም።

አጉሊ መነጽር ያዙ። ምስሉ በትንንሽ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ፖስት ካርድ ወይም ከመጽሐፍ የተቆረጠ ይሆናል። የወረቀቱ ክር በምስሉ ውስጥ የሚታይ፣ ነጩ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ወረቀቱ በጣም ስስ ሆኖ በካርቶን ላይ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ አልቡመን የሚባለው ነው። ይህ በ1850 የተፈለሰፈ፣ በእንቁላል ነጭ የተቀባ ወረቀት ሲሆን እስከ 1890ዎቹ ድረስ ገበያውን ይዞ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የጄላቲን ወረቀት ክሩ አይታይም፤ ሲያረጅ በምስሉ ጠቆር ያለ ክፍል ጠርዝ ላይ የብር መስተዋት የመሰለ ብልጭታ ያወጣል።

መጠኑም ይረዳል። በግምት 6 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ በካርቶን ላይ የተለጠፈ ምስል የጉብኝት ካርድ ይባል ነበር፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ሰው እየተለዋወጠ ያጠራቀመው እሱን ነው። 11 በ16 ተኩል የሚሆነው የካቢኔት ካርድ በ1866 መጣ። ክብ ምስል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ኮዳክ በ1888 ያወጣው ካሜራ የሚያነሣው ክብ ነበር፣ ዘመኑም አጭር ነው። በ1900 በአንድ ዶላር የተሸጠው ብራውኒ ካሜራ ከመጣ በኋላ ግን ስቱዲዮ መሄድ ቀርቶ የቤቱ ሰው ሁሉ አንሺ ሆነ። የአልበሙ መንፈስም እዚያ ላይ ይለወጣል፤ ቀጥ ብለው የቆሙት ሰዎች ይስቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንዳንዴም አንገታቸው ተቆርጦ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከ1914 እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይሸጡ የነበሩ አንዳንድ የኮዳክ ካሜራዎች ከኋላ ትንሽ መስኮት ነበራቸው፤ አንሺው እዚያ ላይ በቀጭን ብረት ሲጽፍ ጽሑፉ በፊልሙ ላይ ይቀር ነበር። በምስሉ ጠርዝ ላይ ጭረት የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ካያችሁ ቀኑ በዕለቱ የተጻፈ ነውና ከሁሉም በላይ እመኑት።

ምስሉ ደብዝዞ ወይም ተበልቶ ከሆነ አትደነቁ። የህንድ ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት ለፎቶግራፍ ጠላት ናቸው፤ ብሉና ምስጡ ደግሞ የሙጫውን ስታርች ይወዱታል።

4. የተገዛውን ከተነሣው ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ1870ዎቹን አልበም ገልጣችሁ የታጅ ማሃልን፣ የቤናሬስን የወንዝ ዳር ደረጃዎች፣ የሂማላያን በረዶ ታያላችሁ፤ «ቅድመ አያቴ ይህን ሁሉ ዞሩ» ትላላችሁ። ምናልባት ከካልካታ ወጥተው አያውቁም ይሆናል። እነዚህ ሥዕሎች በስቱዲዮ እየታተሙ ይሸጡ ነበር።

መለያው ከምስሉ ግርጌ ነው። በነጌቲቩ ላይ የተጫረ ቁጥርና የድርጅት ስም ካለ የተገዛ ነው። በጣም የሚያጋጥማችሁ ቦርን ኤንድ ሼፐርድ ይሆናል። ሳሙኤል ቦርን በ1863 ህንድ ገብቶ በ1870 ወጣ፤ በእነዚያ ዓመታት ከ2,000 በላይ ነጌቲቮች አዘጋጀ። ድርጅቱ ግን እሱ ከሄደ በኋላ ለአሥርት ዓመታት እነዚያኑ ነጌቲቮች እያተመ ሸጠ፤ የካልካታው ስቱዲዮ የተዘጋው በ2016 ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የ1866 ቢሆንም ወረቀቱ የ1890 ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ዓመት ለየብቻ መዝግቡ።

በካልካታ ጆንስተን ኤንድ ሆፍማን፣ በማድራስ ዊሌ ኤንድ ክላይን ስማቸው የታወቀ ነበር። ለእኔ ግን የሁሉም አውራ ላላ ዲን ዳያል ነው። በ1844 ተወለደ፣ ምህንድስና ተማረ፣ ኒዛም የሚባለው የሃይደራባድ ገዥ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፣ በ1897 ንግሥት ቪክቶሪያም ማዕረግ ሰጡት። የእንግሊዝ ሹማምንት ከህንዳዊ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው «አትንቀሳቀሱ» የተባሉት በእሱ ስቱዲዮ ነው።

ስቱዲዮዎቹ ሰውንም እንደ መልክዓ ምድር ይሸጡ ነበር፤ «ውሃ ተሸካሚ»፣ «ልብስ አጣቢ»፣ «እባብ አጫዋች» እየተባለ። መንግሥቱ ራሱ ከ1868 እስከ 1875 የሕዝቡን «ዓይነቶች» በስምንት ቅጽ አሳትሟል። በአልበሙ ውስጥ ያለው ውሃ ተሸካሚ የቤቱ ሠራተኛ ነው ወይስ የተገዛ ካርድ? ከኋላው የተቀባ መጋረጃ ካለ የስቱዲዮ ነው። ከኋላው የቤቱ በረንዳ ካለ ሰውየው በዚያ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቤተሰቡ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

5. ቦታውንና ወቅቱን መለየት

የድሮ ስሞች ዝርዝር አዘጋጁ። ካውንፑር የዛሬው ካንፑር ነው። ፑና ፑኔ፣ ቤናሬስ ቫራናሲ፣ ጀበልፑር ጃባልፑር፣ ማድራስ ቼናይ ሆነዋል። ፔሻዋር፣ ራዋልፒንዲ፣ መሪና ክዌታ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናቸው፤ ዳካ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ነው። በርማም እስከ 1937 ድረስ የእንግሊዝ ህንድ አካል ስለነበረች ራንጉን ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ «ህንድ» ተብሎ ቢጻፍ ስሕተት አይደለም። ለእኛ ቅርብ የሆነችው ኤደንም እንዲሁ እስከዚያው ዓመት ከህንድ መንግሥት ሥር ነበረች። በአልበሙ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ፖርት ሰይድና ኤደን የማይጠፉት መርከቡ ስዊዝን አቋርጦ በዚያ ስለሚያልፍ ነው።

ወቅቱ ከቦታው ጋር ይሄዳል። ሙቀቱ ሲበረታ ሴቶችና ልጆች ወደ ተራራ ከተሞች ይወጡ ነበር፤ ከሰሜኑ ሜዳ ወደ ሲምላና መሪ፣ ከካልካታ ወደ ዳርጂሊንግ፣ ከማድራስ ወደ ኡታካመንድ፣ ከቦምቤይ ወደ ማሃባሌሽዋር። ሲምላ ከ1864 ጀምሮ የመንግሥቱ የሙቀት ወራት መቀመጫ ነበረች። ከኋላ ዝግባና ተዳፋት ካለ፣ ሴቶቹም ሹራብ ደርበው ከሆነ፣ በግምት ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። ድንኳን፣ የካምፕ ጠረጴዛና ፈረስ ካለ ደግሞ ሙቀቱ የሚበርድበት ደረቅ ወቅት ነው፤ የአውራጃ ሹሙ ከቤተሰቡ ጋር ግዛቱን እየዞረ ዳኝነት የሚያይበትና ግብር የሚቆጣጠርበት ወቅት ነበር።

ቤቱን ስታዩ ከግድግዳው ይልቅ አበባውን ተመልከቱ። በረንዳው ላይ አበባ በሸክላ ማሰሮ ተደርድሮ ከሆነ፣ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ የሚዛወር ቤተሰብ ነው፤ መሬት ላይ ተክሎ ፍሬውን አይጠብቅም። የተራራ ቤት ሲሆን የኋላውን ሕንፃ አጉሉት። በሲምላ ሸንተረር ላይ ያለችው ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ትታወቃለች። ከካልካ ወደ ሲምላ የሚወጣው ጠባብ ባቡር ካለ ከ1903 በፊት ሊሆን አይችልም። ክዌታ ሆኖ ሕንፃዎቹ ቆመው ከታዩ ምናልባት ከግንቦት 31 ቀን 1935 በፊት ነው፤ በዚያ ሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈራርሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል።

የህንድ ጦር መኮንን የሆነ አባት ባለበት አልበም ውስጥ አንድ ገጽ ኢትዮጵያን ሊያሳያችሁ ይችላል። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነው፤ አርባ አራት ዝሆኖችም ከህንድ ይዞ መጥቷል። ከጦሩ ጋር የነበረው የመሐንዲሶች ጓድ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ታትመው ተሠራጭተዋልና እንዲህ ያለው ሥዕል በመኮንኑ እጅ የተነሣ ላይሆን ይችላል። ልዑል ዓለማየሁ ራሳቸው ከአሳዳጊያቸው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ህንድ ኖረዋል፤ ስፒዲ በአውድ ግዛት የፖሊስ ሹም ሆኖ ሲሄድ ብላቴናውን ይዞ ነበር። በ1941 ደግሞ አራተኛውና አምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ከረን ላይ ተዋግተዋል፤ አምስተኛው እስከ አምባ አላጌ ዘልቋል። «ኤርትራ» ወይም «አቢሲኒያ» ብቻ ተብሎ የታለፈ ተራራ ሲገኝ ስሙን ለአልበሙ ባለቤቶች ሊነግራቸው የሚችለው የእኛ አገር አንባቢ ነው።

6. ልብስና የጦር ልብስ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ሰው ከልክ በላይ ያምንበታል። ሰፊ ድንኳን የመሰለ ቀሚስ የ1850ዎቹና የ1860ዎቹ ነው፤ ከትከሻ ላይ እንደ ፊኛ ያበጠ እጅጌ በ1890ዎቹ አጋማሽ፤ እግር የሚያሳይ ቀሚስ በ1920ዎቹ። ነገር ግን በረንዳ ላይ እግሩን አጣጥፎ የሚቀመጠው ልብስ ሰፊ ከለንደን የመጣውን ቀሚስ ዘርግቶ ይገለብጥ ስለነበር ፋሽኑ ዓመት ሁለት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። የሶላ ቆብ፣ ማለትም ሶላ ከሚባል የረግረግ ተክል ውስጠኛ ክፍል የሚሠራው ቀላል ባርኔጣ፣ ዘመን አይለይም፤ ሁሉም ያደርጉታል። ካኪም እንዲሁ። ቃሉ ራሱ አቧራ ከሚለው የፋርስና የኡርዱ ቃል የመጣ ነው።

ወታደር ከሆነ የክፍሉን ቁጥር ስታነቡ የህንድ ጦር ክፍሎች በ1903 እና በ1922 እንደ አዲስ ተቆጥረዋልና አንዱ ቁጥር በሁለት ዘመን ሁለት የተለያየ ክፍል ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

7. ስም የሌላቸውን ቁጠሩ

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ተመልሰናል። ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው።

በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ፤ መግለጫው የጠቀሳቸውን ብቻ አይደለም። «እኛና ቶቢ» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ሰውና አንድ ውሻ ይላል፤ ፎቶግራፉን ስትቆጥሩ ስድስት ሰው ታገኙ ይሆናል። በበሩ ጥላ ውስጥ የቆመው፣ የፈረሱን ልጓም ይዞ ከዳር የተቆረጠው፣ ሕፃኗ እንዳትወድቅ ከኋላ የያዘው እጅ፣ እነዚህ ሁሉ ቁጥር ይሰጣቸው።

ቀጥሎ ሥራቸውን ለዩ። ሥራ በህንድ ቤት ውስጥ በጥብቅ የተከፋፈለ ነበር፤ ለዚህ ነው አንድ ተራ መኮንን እንኳ ከአሥር የማያንሱ ሠራተኞች ከቤቱ ፊት አሰልፎ የሚታየው። ቤረር የቤቱ አሳላፊና የጌታው የግል አገልጋይ ነው፤ በጥምጥሙ ላይ የጌታውን ክፍለ ጦር ምልክት ሊያደርግ ይችላል። ካንሳማ የወጥ ቤቱ አለቃ ነው። ቢስቲ በፍየል ቆዳ ሥልቻ ውሃ የሚያመላልሰው፣ ዶቢ ልብስ አጣቢው፣ ማሊ አትክልተኛው፣ ሳይስ ፈረስ ጠባቂው፣ ቾኪዳር ዘበኛው ናቸው። ቻፕራሲ የቢሮ ተላላኪ ሲሆን ስሙን ያገኘው በመታጠቂያው ላይ ከሚያደርገው የናስ ሰሌዳ ነው። ይህን ሰሌዳ በከፍተኛ ጥራት ቃኙና አጉሉት፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀርጾበት ሊነበብ ይችላል። እንዲህ ተደርጎ የአባትየው መሥሪያ ቤት ከራሱ ፊት ሳይሆን ከተላላኪው ወገብ ላይ ይገኛል።

ከዚያ የፊት ማውጫ ሥሩ። አንድ ሠራተኛ በገጽ 4 ሜዳ ላይ፣ በገጽ 11 ተራራ ላይ፣ በገጽ 20 ሌላ ከተማ ውስጥ ከታየ ከቤተሰቡ ጋር የተዛወረ ነው። የራሱ ሚስትና ልጆች የት ቀሩ? አልበሙ አይነግራችሁም፤ ጥያቄው ግን በመዝገባችሁ ውስጥ ይኑር። ጌጥ፣ ጠባሳ፣ የጥምጥም አጠማጠም፣ የቆመበት ቦታ ፊትን ለማዛመድ ይረዳሉ።

ስሙን ከየት ታገኙታላችሁ? የመጀመሪያው ምንጭ የእመቤቲቱ የወጪ ደብተርና ወደ አገር ቤት የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ደመወዝ ሲከፈል ስም ይጻፋል። ሁለተኛው ቺት ነው፤ ሠራተኛው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ አሠሪው የሚጽፍለት የምስክር ወረቀት። ስም፣ ቦታና ቀን አለው፤ አንዳንዴም በአልበሙ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ይገኛል።

ሦስተኛው መርከብ ነው። ብዙ ሞግዚቶች ቤተሰቡን ተከትለው እንግሊዝ ድረስ ተጉዘዋል። የመንገደኞች ዝርዝር በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ ነገር ግን ሞግዚቷን ብዙ ጊዜ በእመቤቷ ስም «የእገሊት አያ» ብሎ ያልፋታል። ለንደን ከደረሱ በኋላ አንዳንዶቹ የመመለሻ ገንዘብ ሳይሰጣቸው ተትተዋል። ለእነሱ መጠጊያ የነበረው የአያዎች ቤት ከ1900 ጀምሮ በሐክኒ ሠፈር በኪንግ ኤድዋርድስ መንገድ ላይ ይገኝ ነበር፤ በ2022 የመታሰቢያ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ወዳጄ ከዚያ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ በሚወስድ ቦታ ትኖራለች፤ አላወቀችም ነበር።

በአልበሙ ውስጥ የሌለችዋንም አስቡ። በትውልድ ሐረጉ ላይ ያለች፣ ልጆች የወለደች፣ በአንድም ፎቶግራፍ ያልታየች ሴት ካለች ቤተሰቡ ህንዳዊ ወይም ድብልቅ ዘሯን ሸሽጎ ይሆናል። በባቡርና በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቶች ይሠሩ በነበሩ ቤተሰቦች ይህ የተለመደ ነው። ለዛሬዎቹ የልጅ ልጆች ስትነግሩ በለዘበ አንደበት ይሁን።

8. በመዝገብ ማጣራት

ቦታና ዓመት ከያዛችሁ ወደ መዝገብ ሂዱ። በለንደኑ የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ያለው የህንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር ቅጂዎችን ይዟል፤ ኤን/1 ቤንጋል፣ ኤን/2 ማድራስ፣ ኤን/3 ቦምቤይ ነው። ህንዳውያን ሠራተኞች በዚህ መዝገብ እምብዛም አይገኙም። በማድራስ በኩል ግን ክርስቲያን ሞግዚቶች ብዙ ስለነበሩ አልፎ አልፎ ዕድል ይቀናል።

በ1998 የተቋቋመው በእንግሊዝ ህንድ የነበሩ ቤተሰቦች ማኅበር በኢንተርኔት በነፃ የሚፈተሽ የስም ማውጫ አለው። በ1976 የተመሠረተው የደቡብ እስያ የመቃብር ሥፍራዎች ማኅበር ደግሞ የመቃብር ጽሑፎችን ይሰበስባል። ታከር የሚባለው ዓመታዊ ማውጫ ማን በየትኛው ከተማ በምን ሥራ እንደነበር በስም ይዘረዝራል።

ልጆች ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሞላው ከአልበሙ የሚጠፋ ልጅ ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ፤ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተልኮ ይሆናል። የሦስት ዓመት ሕፃን ከጠፋ ግን የቀብር መዝገቡን አስቀድሙ።

9. አልበሙ ያላነሣውን ከጎኑ ጻፉ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራው አልበሙ የሚያሳየውን፣ በቀኙ በዚያው ዓመት በዚያው ግዛት የሆነውን ጻፉ። በግራ «ላሆር፣ ሚያዝያ 1919፣ ቴኒስ» ካለ፣ በቀኝ በቅርቧ አምሪትሳር ሚያዝያ 13 ቀን በጃሊያንዋላ ባግ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው መንግሥቱ ራሱ ያመነው የሟች ቁጥር 379 እንደነበር ይጻፋል። በግራ «ካልካታ 1943፣ የገና ግብዣ» ካለ፣ በቀኝ በዚያው ዓመት የቤንጋል ረሃብ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መፍጀቱ ይጻፋል። የ1918 ገጾች ባዶ ከሆኑ በዚያ ዓመት የህዳር በሽታ ህንድ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው መግደሉን አስታውሱ።

ይህን የማደርገው ቴኒስ ተጫዋቿን ለመክሰስ አይደለም፤ ፎቶግራፉን ማን እንዳነሣው ብቻ ሳይሆን ካሜራው ወደ የት እንዳልዞረ ለማወቅ ነው። ሴትዮዋ ፊት ግን ይህን ወረቀት አትዘርጉት፤ ከእሳቸው ጋር የምትሠሩት ሥራ ሌላ ነው።

10. ቅኝትና አቀማመጥ

በጠፍጣፋ ስካነር፣ በቀለም፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም እንኳ በቀለም ቃኙ። ለመደበኛ ፎቶግራፍ 600፣ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም ለማይበልጠው 1,200 ነጥብ በኢንች ይበቃል። ዋናውን ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፤ ለመላክ ጄፔግ በሚባለው ዓይነት ቅጂ አውጡ። የላላ ፎቶግራፍ ሲሆን ጀርባውንም ቃኙ። የፋይሉ ስም አልበም፣ ገጽ፣ ቦታ ይሁን፦ ሀ-023-2። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ከቤት ውጭ።

በስልክ ፕሮግራም ቀለም መቀባትን በተመለከተ፣ እባካችሁ ተዉት። ኮምፒውተሩ የሞግዚቷን ነጠላ ልብስ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አያውቅም፤ ይገምታል፣ እናንተ ደግሞ ታምኑታላችሁ።

አልበሙን ከአሲድ ነፃ በሆነ ሣጥን፣ በሚኖሩበት ክፍል ውስጥ፣ ተኝቶ አስቀምጡ። ሰገነትና ምድር ቤት አይሆኑም። የሚሸት ፕላስቲክ ከፎቶግራፍ ጋር አይቀመጥ። ለቤተ መዛግብት መስጠት ከተፈለገ በካምብሪጅ ያለው የደቡብ እስያ ጥናት ማዕከል እንዲህ ያሉ የቤተሰብ ስብስቦችን ይይዛል፤ የቀድሞው የብሪታንያ ኢምፓየርና ኮመንዌልዝ ሙዚየም ስብስብ ደግሞ ዛሬ በብሪስቶል ቤተ መዛግብት ነው። ከመላካችሁ በፊት ጻፉላቸው፤ የአልበሙ ባለቤትም በጽሑፍ ይፍቀዱ።

11. መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ ክፈቱ፤ ለፎቶግራፉ ሳይሆን ለሰውየው። ዓምዶቹ አምስት ይበቃሉ፦ የታየበት ገጽ፣ ስም፣ ሥራ ወይም ዝምድና፣ ማስረጃ፣ ቀጥሎ የሚታይ። ማስረጃ በሚለው ውስጥ «መግለጫ ጽሑፍ»፣ «የአልበሙ ባለቤት ቃል» እና «የእኔ ግምት» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አታደባልቁ።

ወዳጄ ከሁለት ወር በኋላ የላከችልኝ መዝገብ ስልሳ ሦስት ሰው አለው። ከመግለጫዎቹ የተገኘው ስም አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው። አርባ አንደኛው ረድፍ እንዲህ ይላል፦

ገጽ 3፣ 4፣ 9፣ 12፣ 17፣ 22፣ 30። ስም፦ አልታወቀም፤ በቤት ውስጥ «አያ»። ሥራ፦ ሞግዚት። ማስረጃ፦ የአልበሙ ባለቤት ቃል፤ በግራ ክንድ ላይ በሁሉም ፎቶግራፍ የሚታዩ ሁለት ወፍራም አንባሮች፤ በገጽ 30 ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ወለል ላይ። እሹሩሩው ተቀርጿል፣ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ቀጥሎ የሚታይ፦ የ1937 የመንገደኞች ዝርዝር፣ ከቦምቤይ ወደ ለንደን።